በፍርድ የሄደች በቅሎ፤ ስለ መንገድ ዳኝነትና ስለ ትራፊክ ክስ አጭር ታሪክ

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይሉ ነበር። በቅሎ በዘመኑ የክብርና የሀብት ምልክት ነበረች፤ ጭብጦ ግን መንገደኛ ቋጥሮ የሚይዛት ትንሽ ስንቅ ናት። ባለ ተረቱ ዳኛ ፊት ቀርቦ፣ ተሟግቶና ተረትቶ ካጣት በቅሎ ይልቅ፣ ማንም ሳይሰማው የተነጠቃት ጭብጦ ታንገበግበዋለች። እኛ የሕግ ሰዎች ስለ ፍትሕ ብዙ ጽፈናል፤ ከዚህ ተረት አጥርቶ የተናገረ ግን ያለ አይመስለኝም።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ፍርድ አሰጣጥ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ባልደረቦቼ ስለ ርስት ሙግት ወይም ስለ ዙፋን ችሎት እጽፋለሁ ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን ስለ ጭብጦዋ መጻፍን መረጥሁ፤ ይኸውም የትራፊክ ፖሊስ መኪና አስቁሞ ስለሚሰጠው የክስ ወረቀትና ያን ወረቀት ተቃውሞ መከራከር ስለሚፈልግ ሹፌር ነው። ጉዳዩ ለብዙዎቻችን ትንሽ ነው፤ ጠበቃ የማይቆምበት፣ የሕግ ተማሪ መመረቂያ የማይጽፍበት ነገር ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ከመንግሥት ሕግ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው በዚህች ቁራጭ ወረቀት ነው። ስለ ፍትሕ ያለውም እምነት የሚጸናው ወይም የሚላላው በዚሁ ግንኙነት ነው።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አድርጎ ወደ ነቀምቴ የሚጓዝ ሰው፣ ባኮን አልፎ ስሬ ከመድረሱ በፊት አኖን ያገኛል። አኖ በምሥራቅ ወለጋ የጎቡ ሰዮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መንገዱ ነቀምቴ ሲደርስ ይበታተናል፤ አንዱ ወደ ጊምቢ፣ አንዱ ወደ በደሌ፣ አንዱም ዐባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ ይሄዳል። በመሆኑም በአኖ በኩል የሚያልፈው የጊምቢና የደምቢ ዶሎ ቡና፣ የባኮ በቆሎ፣ የቤተ ዘመድ ጠያቂና የትምህርት ቤት ተማሪ ነው።

በዚህ መስመር የተመላለሰ ሁሉ የሚያውቀው ሥርዓት አለ። ከፊት የሚመጣው መኪና በጠራራ ፀሐይ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል፤ ትርጉሙም «ትራፊክ አለ» ማለት ነው። ረዳቱ ትርፍ የተጫኑትን «እስቲ ጎንበስ በሉ» ይላል። ሹፌሩ ቀበቶውን ያጠልቃል። ፖሊሱ እጁን ያነሣል፤ መኪናው ጥግ ይይዛል፤ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ይጠየቃል። ጥፋት ተገኘ ከተባለ መንጃ ፈቃዱ ከፖሊሱ እጅ ይቀራል፤ በምትኩ የክስ ወረቀት ይሰጣል። የተሳፋሪው ሁሉ ዓይን ሹፌሩ ላይ ነው፤ አንዱ «ክፈልና እንሂድ» ይላል፣ ሌላው «ለምነው» ይላል። «ተከራከር» የሚል ግን ከስንት አንድ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? እኛ ኢትዮጵያውያን ሙግት የምንወድ ሕዝብ ነን ይባላል። እንግዲያው ይህ ተሟጋች ሕዝብ በመኪና መንገድ ላይ ዝም ማለትን ከየት ተማረ?

ከመኪና በፊት

መንገደኛን ማስቆም መኪና ያመጣው ነገር አይደለም። ዛሬ የፍተሻ ቦታ ሁሉ የሚጠራበት «ኬላ» የሚለው ቃል በግቤ አካባቢ በነበሩት የኦሮሞ መንግሥታት የአገር መግቢያ በር ስም ነበር። ነጋዴ በኬላው ቆሞ ማንነቱንና ሸቀጡን ሳያስታውቅ አያልፍም ነበር። በነቀምቴም በከሬ ጎዳና፣ ከእርሳቸው በኋላ ልጃቸው ሞሮዳ፣ ቀጥሎም የልጅ ልጃቸው ኩምሳ (በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር) በተከታታይ ሲገዙ፣ ከሥልጣናቸው መሠረቶች አንዱ የወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱና የቡናው ንግድ የሚተላለፍባቸውን መንገዶች መቆጣጠር ነበር።

በሌላ በኩል የማስቆም ሥልጣን የባለሥልጣን ብቻ አልነበረም። በደገኛው አገር የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከጮኸ በዳዩ እግሩን ማንሣት ነውር ነበር። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ፣ ያገኙትን አላፊ አግዳሚ «ፍረደን» ብለው ያስቆሙታል፤ እርሱም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሰማቸዋል። ካልተስማሙ የከሳሽና የተከሳሽ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ወደሚቀጥለው ዳኛ ይሄዳሉ። በዚያም «በላ ልበልሃ» ተባብለው በቃል ይሟገታሉ። በኦሮሞው ዘንድ ደግሞ ነገር የሚታየው በኦዳ ጥላ ሥር፣ በጃርሳ ቢያ ፊት ነበር፤ በምዕራብ ሸዋ የሚገኘው ኦዳ ቢሲል በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ የዚህ ሥርዓት ማእከል ሆኖ ሲታወስ፣ መኮ ቢሊም የሕጉ ደንጋጊ ተብሎ በቃል ታሪክ ይነሣል።

ይህን ስል የጥንቱን ዘመን ያለ ነውር ለማሳየት አይደለም። ባለ ጉልበት ያን ጊዜም ይረታ ነበር፤ ኬላ ጠባቂውም የማይገባውን ይወስድ ነበር። ይሁንና አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። በዚያ የመንገድ ዳኝነት ማስቆምና መስማት አልተለያዩም ነበር። ሰው በቆመበት ስፍራና በቆመበት ቀን ቃሉን ይሰጣል፤ ምስክሩም አብሮት የቆመው መንገደኛ ነው።

መኪናውና ሕጉ

በ1900 ዓ.ም. ገደማ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ የመጀመሪያዋን መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ የመንገድ ሕግ የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። መንግሥት ስለ መንገድ ሥርዓት በብርቱ ማሰብ የጀመረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ በታተመበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1934 ዓ.ም.፣ የፖሊስ ሠራዊት በአዋጅ ቁጥር 6 ተቋቋመ። በ1939 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 90 የአጥቢያ ዳኞች ተሾሙ፤ ሥልጣናቸውም በፍትሐ ብሔር እስከ 25 ብር፣ በወንጀል እስከ 15 ብር መቀጫ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም የመንገዱ ሥራ ባለቤት አገኘ፤ መኪናውም በዛ። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ደግሞ እስከዚያ ቀን በግራ ሲነዳ የነበረው የኢትዮጵያ ሹፌር ሁሉ በቀኝ እንዲነዳ ሆነ። በአንድ ቀን የአገር ልማድ በሕግ መለወጡ ሕግ መንገድ ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳገኘ ያሳያል።

ለጉዳያችን ዋናዎቹ ግን ሁለት ሕጎች ናቸው። የመጀመሪያው የስዊዙ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ይህ ሕግ ከአንቀጽ 690 ጀምሮ «የደንብ መተላለፍ» የሚባሉትን ጥቃቅን ጥፋቶች ከከባዶቹ ወንጀሎች ለይቶ ደነገገ። ሁለተኛው በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲሆን፣ ለደንብ መተላለፍ የሚሆነውን አጭር ሥርዓት በአንቀጽ 167 እና በተከታዮቹ አስቀመጠ።

ሥርዓቱ በወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ወይም ፖሊስ ፍርድ ቤቱን መጥሪያ ያስወጣል፤ መጥሪያው የተጣሰውን ደንብና የጥፋቱን ሁኔታ ይገልጻል። ተከሳሹ መቅረብ ካልፈለገ በአንቀጽ 168 መሠረት በመጥሪያው ላይ «ጥፋተኛ ነኝ» ብሎ ጽፎና ፈርሞ ይመልሳል፤ ፍርድ ቤቱም ይህንኑ ተቀብሎ ይቀጣዋል። ጥፋተኛ አይደለሁም የሚል ግን ቀርቦ ይሰማል። ሕግ አውጪው ለሰው አዝኖ፣ በጥቃቅን ነገር ሥራ እንዳይፈታ አስቦ ነበር።

ሆኖም አንቀጹን ደጋግሞ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይከነክነዋል። ያጠፋ ሰው በቤቱ ተቀምጦ በፊርማው ይገላገላል፤ ያላጠፋው ግን ሥራውን ትቶ፣ ወጪውን ችሎ፣ ቀጠሮውን ጠብቆ በአካሉ መቅረብ አለበት። ጥፋተኝነት በወረቀት ይላካል፤ ንጽሕና ግን ራሷ ተጉዛ መምጣት አለባት። ይህ ለከተማ ነዋሪ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ከቤቱ 300 ኪሎ ሜትር ርቆ ለተከሰሰ ሹፌር ግን ትልቅ ነገር ነው።

የአንድ ሹፌር ጉዳይ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ሥራ በጀመርሁበት ዘመን፣ በዚያ መስመር ካሉት ከተሞች በአንደኛዋ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሊያማክረኝ መጣ። ዕድሜው ወደ አምሳ የተጠጋ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። የተከሰሰው በጭነት መኪና ላይ ተሳፋሪ ጭነሃል ተብሎ ሲሆን፣ በእርሱ ቃል ሁለቱ ሰዎች ጫኝና አውራጅ ነበሩ፤ ስማቸውም በጭነት ማዘዣው ላይ ተጽፎ አየሁ። ጉዳዩ የሚረታ ነበር። ደስ ብሎኝ ክርክሩን ላስረዳው ጀመርሁ። እርሱም አስጨርሶኝ ሲያበቃ፦

«ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ብፈርም መንጃ ፈቃዴን መቼ አገኛለሁ?» አለኝ።

«መቀጫውን ከከፈሉ ዛሬውኑ።»

«አላጠፋሁም ብልሳ?»

«ቀጠሮው ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው።»

ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲያው ጥፋተኛ ነኝ ብለው ይጻፉልኝ፣ ጌታዬ» አለኝ።

መቀጫው ከአንድ ሌሊት አልቤርጎና ከሁለት ቀን ምግብ የሚበልጥ አልነበረም። አሥራ አምስት ቀን የቆመ መኪና ግን የእርሱን፣ የረዳቱንና የሁለቱን ጫኞች እንጀራ ይዘጋ ነበር። እኔም ጻፍሁለት፤ እርሱም ያላደረገውን አድርጌአለሁ ብሎ ፈረመ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ከባድ ጉዳዮች በእጄ አልፈዋል፤ ያችን ብጣሽ ወረቀት ግን አልረሳኋትም። ከዚህ ሙያ ጋር በተዋወቅሁበት ሰሞን፣ አንድ እውነተኛ ሰው በእኔው እጅ ጽሑፍ በራሱ ላይ በሐሰት መሰከረ።

የዘመኑ ሥርዓት የራሱን መፍትሔ ሞክሮ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ፣ በየቀበሌው ጥቃቅን ጉዳዮችን የሚያይ የፍርድ ሸንጎ ተቋቋመ። ዳኝነት ወደ ሰፈር መውረዱ ለሰፈርተኛው ጥቅም ነበረው። የሹፌር ጉዳይ ግን ከሰፈሩ ርቆ የሚነሣ ነው፤ ለመንገደኛ የሚሆን ቀበሌ የለም። የይለፍ ወረቀት በየኬላው ይጠየቅ በነበረበት በዚያ ዘመን ደግሞ መከራከር ራሱ ሌላ ጥርጣሬ የሚያስከትል ስለ ነበረ፣ ብልህ ሹፌር የሚባለው ዝም የሚለው ሆነ።

በማይገባኝ ቋንቋ

ከርቀት ቀጥሎ ያለው ግድግዳ ቋንቋ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 125 አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ አደረገ። ስለዚህ ከኦሮምኛ በቀር የማያውቅ የወለጋ ሰው ክሱንም ፍርዱንም የሚሰማው በማያውቀው ቋንቋ ነበር፤ ባለ ጋሪውም ሹፌሩም «እሺ ጌታዬ» ከማለት በቀር ምርጫ አልነበረውም። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በኦሮሚያ የሥራ ቋንቋው ኦሮምኛ ሆኖ በቁቤ ሲጻፍ፣ ያ አሮጌ በደል ታረመ። ዛሬ ደግሞ ከጎጃም በቡሬ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚመጣ አማርኛ ተናጋሪ ሹፌር የማያነበውን የክስ ወረቀት ሊቀበል ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ተጽፏል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ክሱ በዝርዝር እንዲነገረውና በጽሑፍ እንዲሰጠው፣ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ከተካሄደም በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት ያዝዛል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ይህ ለታላላቅ ክስ እንጂ ለትራፊክ መቀጫ ነውን?» ይሉ ይሆናል። ለእነርሱ አንድ የባዕድ አገር ጉዳይ ላንሣላቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 በምዕራብ ጀርመን ኦዝቱርክ የተባለ ቱርካዊ መኪናው ከቆመ መኪና ጋር ተጋጨችና 60 ማርክ ተቀጣ። ተቃውሞ አቀረበ፤ ችሎት ላይ ግን ተቃውሞውን አነሣ። ፍርድ ቤቱም የአስተርጓሚውን ወጪ 63 ማርክ ከ90 ፌኒግ አስከፈለው፤ ከመቀጫው የበለጠ መሆኑን ልብ ይሏል። የጀርመን መንግሥት እንዲህ ያሉት ጥፋቶች በሕግ ከወንጀልነት ወጥተው የአስተዳደር ጥፋት ሆነዋልና የወንጀል ተከሳሽ መብት አይገባቸውም ብሎ ተከራከረ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ግን በ1984 እ.ኤ.አ. ስም በመለወጥ መብት አይቀርም፣ አስተርጓሚው በነፃ ሊሆን ይገባል ሲል ፈረደ። ለ63 ማርክ የተደረገ ክርክር የብዙ አገር ሰው መብት ሆነ። ጭብጦዋ ዳኛ አገኘች ማለት ነው።

ይህ ፍርድ እኛንም የሚመለከት ነው። በአገራችንም በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 የትራፊክ ጥፋቶችን በየደረጃቸው መድቦ፣ መቀጫቸውንና በሹፌሩ ላይ የሚመዘገበውን ነጥብ በሠንጠረዥ አስቀምጧል፤ ከዚያ በኋላም ተሻሽሏል። ሠንጠረዥ መኖሩ መልካም ነው፤ ፖሊሱ እንደ ፊት አይቶ እንዳይቀጣ ያግዳል። ነገር ግን ሠንጠረዥ ስንት እንደሚከፈል እንጂ ጥፋቱ መደረግ አለመደረጉን አይናገርም። ያን የሚናገረው ሁለቱንም ወገን የሰማ ሰው ብቻ ነው።

የፖሊሱ ወገን

በዚህ ስፍራ ሚዛኑን እንጠብቅ። በአገራችን ካለው የተሽከርካሪ ብዛት ጋር ሲመዛዘን በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሰው እጅግ ብዙ ነው። «ጎንበስ በሉ» የተባለው ተሳፋሪ መኪናው ሲገለበጥ ከሟቾቹ አንዱ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ በፀሐይና በአቧራ ቆሞ የሚውለው ፖሊስ የሚጠብቀው የእኛኑ ነፍስ ነው፤ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህም በወለጋ መንገዶች የጸጥታ ፍተሻ በመጨመሩ የእርሱም ሥራ የሹፌሩም ጉዞ ከብዷል። ስለሆነም ይህ ጽሑፍ አጥፊ እንዲያመልጥ የሚያስተምር አይደለም።

እንዲያውም ሳይሰማ የተቀጣ ሹፌር ከቅጣቱ የሚማረው ሕጉን ሳይሆን ፖሊሱን መሸሽን ነው። በመብራት ብልጭታ መጠቃቀሱ የዚህ ትምህርት ውጤት ነው፤ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ታጥፎ የሚቀርበው የ«ሻይ» ብርም እንዲሁ። መከራከር ውድ ከሆነ ጉቦ ርካሽ ይሆናል።

ደግሞም የሚገርም ነገር አለ። በመንገድ አደጋ ሰው ቢሞት፣ በወለጋ የሹፌሩ ቤተሰብ ሽማግሌ ይልካል፤ ጃርሳ ቢያ በሁለቱ ወገን መካከል ገብቶ፣ ሐዘኑን አክብሮ፣ ሁሉንም ሰምቶ በጉማ ሥርዓት ያስታርቃል፤ መንግሥትም በፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ይመረምራል። ለትልቁ ጥፋት ሁለት የመሰሚያ ስፍራ አለ። ለትንሹ ግን አንድም እንደሌለ ሆኖ ይኖራል።

ምን እናድርግ?

ለሹፌሮች ከልምድ የምመክረው ጥቂት ነው። ሰነድ ሁሉ ተሟልቶ በእጅ ይሁን፤ ሲያስቆሙን በትሕትና መቆም ደካማነት አይደለም። የተጣሰው የትኛው ደንብ እንደሆነ በአክብሮት ይጠየቅ፤ የክስ ወረቀቱ ሳይነበብ ወይም ሳይተረጎም አይፈረም። ሰዓቱ፣ ስፍራው፣ የምስክሮች ስምና ስልክ በዚያው ይጻፍ፤ ቦታው ፎቶግራፍ ይነሣ። የመቃወሚያው ጊዜ እንዳያልፍ በዚያው ሰሞን አቤቱታ ይቅረብ። ከሁሉ በላይ መንገድ ላይ መጨቃጨቅና ሕግ ፊት መከራከር የተለያዩ መሆናቸው ይታወቅ፤ የመጀመሪያው ጠብ ነው፣ ሁለተኛው መብት ነው።

ለእኛ ለባለሙያዎቹ ያለው ሥራ ግን ይበልጣል። መንጃ ፈቃድ የሹፌር ማረሻ ነው፤ ክርክሩ ሳያልቅ ከእጁ መውጣቱ ሳይፈረድ መቅጣት መሆኑን መናገር የእኛ ድርሻ ነው። አላጠፋሁም የሚል ሰው በሚኖርበት ከተማ ሆኖ ቃሉን በጽሑፍ ወይም በስልክ የሚሰጥበት ሥርዓት እንዲፈጠር ሐሳብ ማቅረብም ይገባናል። ማኅበራችን በኦሮምኛና በአማርኛ አጭር መመሪያ አሳትሞ በየመናኸሪያው ቢያድል፣ አባሎቻችንም በወር አንድ ቀን በመንገድ ዳር ከተሞች ተቀምጠው እነዚህን ትንንሽ ጉዳዮች በነፃ ቢያዩ ከአቅማችን በላይ አይሆንም። አለዚያ ስለ ሰብአዊ መብት የምናወራው ሁሉ ለሹፌሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው።

ያ የጭነት መኪና ሹፌር ዛሬ በሕይወት መኖሩን አላውቅም። ወረቀቱን ፈርሞ ከቢሮዬ ሲወጣ አመስግኖኝ ነበር፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚከብደኝ። ቢሟገት ኖሮ ሊረታ ይችል ነበር፤ ቢረታም በፍርድ የሄደች በቅሎ አታንገበግበውም ነበር። እኛ ግን ጭብጦውን ያለ ፍርድ አሳልፈን ሰጠን። የሚቀጥለው ሹፌር ወደ አንዳችን ሲመጣ፣ ከመፈረሙ በፊት ዳኛ የሚያገኝበትን መንገድ አበጅተን እንጠብቀው።